ወዝ፦ የመንዝ ደጋ ቆዳ፣ የላም ቅቤ እና ምጣድ ላይ የቀረው ዘይት

"ወዝ" የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉም ይሸከማል። አንደኛው ላብ ነው። በወዙ የሚያድር ሰው በጉልበቱ የሚኖር ሰው ነው፤ በአብዮቱ ዘመን የገነነው "ወዛደር" የሚለው ቃልም የተወለደው ከዚሁ ነው። ሁለተኛው የቆዳ ልስላሴና ጸዳል ነው። የጠገበና ጤናው የተጠበቀ ሰው ፊቱ ወዝ አለው ይባላል። የተራበ፣ የታመመ ወይም ያዘነ ሰው ደግሞ ወዙ ይጠፋል፤ አመድ ይመስላል። ቋንቋው ቆዳን የኑሮ መለኪያ አድርጎ ነው የሚያየው።

ይህ አነጋገር በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላው ደረቅ ነፋስ ነው። ቀዝቃዛ አየር ብዙ እርጥበት ስለማይዝ ከቆዳ ላይ ይመጥጣል፤ ከፍታው ሲጨምር የፀሐይዋም ጨረር ይበረታል። በዚህ ላይ የምድጃው አመድና ጭስ፣ የማረሻው እርፍ፣ የጓሳ ሣር አጨዳው አለ። የተሰነጠቀ ከንፈር፣ የተላጠ ጉንጭ፣ ንቃቃት የተለተለው ተረከዝ ለደጋው ሰው እንግዳ አይደሉም። ንቃቃት ጫማና ካልሲ ለሚቀያይር ከተሜ ቀላል ነገር ይመስላል። በባዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ ውሎ ለሚገባ ገበሬ ግን ደም የሚያወጣና ቆሻሻ የሚያስገባ ክፍት በር ነው።

የደጋው ሰው ቆዳውን ለዘመናት የጠበቀው በቅቤ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ እንደ ባህል ጌጥ፣ እንደ በዓል ትዝታ ብቻ ይወራል። ሲመረመር ግን የኢኮኖሚ ታሪክ ነው። ቆዳውን ለላም ያስያዘ ሕዝብ ላሟ በወደቀች ቁጥር ቆዳውም ይራቆታል።

*ቅቤ ለማን ነበር?*

ያገር ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ከጥጃዋ ተርፎ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ቢሆን ነው። በባህላዊው መናጫ አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ15 እስከ 20 ሊትር ያህል ወተት ይፈጃል። በአንዲት ላም ሲሰላ አንድ ኪሎ ቅቤ የአሥር ቀን ያህል ወተት ነው። ወተቱ ተጠራቅሞ ይረጋል፤ እርጎው ለረጅም ሰዓት ይናጣል፤ ቅቤው ተለይቶ ይወጣል፤ አሬራው ለቤተሰቡ ይቀራል። ይህ ሁሉ ከሞላ ጎደል በሴት ጉልበት የሚሠራ ነው።

ጾሙ ለዚህ ሥራ የራሱን መልክ ሰጥቶታል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በዓመት ከ180 ቀን በላይ ወተትና ቅቤ አይበላም። ላሟ ግን ጾም አታውቅም። በጾም የታለበው ወተት ይናጣል፤ ቅቤው እስከ ፍስክ ይቀመጣል ወይም ገበያ ይወጣል፤ ከፊሉም ጸጉርና ቆዳ ያለሰልሳል።

አጠቃቀሙ ደረጃ ነበረው። አራስ፣ ሕፃን፣ ሙሽራና የታመመ ሰው ይቀድማሉ። የአራሷ ገንፎ በቅቤ ይሞላል፤ ሕፃኑ ታጥቦ በቅቤ ይታሻል። ሹሩባ የተሠራች ልጃገረድ ለበዓል ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ታደርጋለች፤ ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ወደ ግንባሯና ወደ አንገቷ ይወርዳል። ማርና ቅቤ ለጌታና ለንጉሥ ግብር ሆነው በሚገቡበት ዘመን ቅቤ የተቀባ ራስ የሀብት ማስታወቂያም ነበር። ላም የሌለው ሰው ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1841 ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ የእንግሊዞችን መልእክት ይዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ያገኘው ከመንዝ ተነሥቶ አንኮበር ላይ የተደላደለውን የሸዋ መንግሥት ነበር። በዚያ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ያዩ አውሮፓውያን ብዙዎቹ ስለ ቅቤ የተቀባ ራስ ሲጽፉ አፍንጫቸውን ይዘው ነው። ሽታውን እንጂ ምክንያቱን አልጠየቁም። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ ግን ከዚህ ይለያል። በሰሜን ኢትዮጵያ እንደ አገሬው እየለበሰና በባዶ እግሩ እየሄደ ኖረ፤ ጸጉሩን ተሠርቶ ቅቤ ተቀባ። እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፍም ኑሮውን ተረከ። በድንኳን ያለፈ መንገደኛ የሚያፌዝበትን ነገር ባዶ ራሱን ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው በሌላ ዓይን ያየዋል።

*ላሟ ስትወድቅ*

በአማርኛ የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ በምጽዋ በኩል ወደ አገሪቱ ሲገባ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ተከተለ። ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል። ታሪኩ ሲነገር በሬ አልቆ እርሻ መቆሙ ይነሣል፤ ተገቢም ነው፤ ሕዝብ የጨረሰው እሱ ነውና። ከበሬው ጋር ግን ላሟም አልቃለች። ከላሟ ጋር ወተት፣ ከወተቱ ጋር የአራስ ገንፎ፣ ከገንፎው ጋር የሕፃኑ ገላ የሚታሽበት ቅቤ ሄደ። በረሃብ ጊዜ ስለ ቆዳ የሚያስብ የለም፤ ረሃብ ግን ፈጥኖ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ቆዳ ነው። ወዝ የሚለው ቃል ይህን ቀድሞ ያውቃል።

ከብቱ ቀስ በቀስ ተተካ። ሁለተኛው ውድቀት ግን ወረርሽኝ አላስፈለገውም። በመንዝ ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል። ትውልድ በጨመረ ቁጥር ማሳው ይበጣጠሳል፤ ማሳ ሲያንስ ግጦሹ ይታረሳል፤ ግጦሽ ሲያንስ ቤተሰቡ ከላም ይልቅ በግ ላይ ይደገፋል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው "ሰምና ወርቅ" በተሰኘው መጽሐፉ የመንዝን ገበሬ ኑሮ ሲገልጽ የሚታየው ይኸው ገብስ የሚዘራ፣ በግ የሚያረባ፣ በበግ ጸጉር ልብስ ብርዱን የሚከላከል ደገኛ ነው። የመንዝ በግ ጸጉርና ሥጋ ይሰጣል፤ ቅቤ አይሰጥም።

ሦስተኛው ገበያ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከተማዋ ቅቤ ጠሪ ሆነች። መንገድ በተከፈተ ቁጥር የደጋው ቅቤ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ሸገር ይወርዳል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ለባለ ላሟ እመቤት ጨው፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር የሚገዛው እሱ ነው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ቅቤ ሲወደድ ከቤት መጀመሪያ የሚቀነሰው የሚቀባው ነው፤ ቀጥሎ የሚበላው ነው። ዛሬ ቅቤ ነጥሮ ወጥ ውስጥ መግባቱ ራሱ ለብዙ ቤተሰብ የበዓል ጉዳይ በሆነበት ጊዜ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ቅቤ የሚያባክን የለም።

በክፍተቱ ቫዝሊን ገባ። ቫዝሊን ከነዳጅ ዘይት ማጣሪያ የሚገኝ ቅባት ነው፤ አሜሪካዊው ሮበርት ቺዝብሮ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1872 ነበር። አይሸትም፣ አይበላሽም፣ ዝንብ አይጠራም፣ የቆዳን እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ መካድ አይቻልም። ብቸኛው እንከኑ ከውጭ በምንዛሪ የሚመጣ መሆኑ ነው። ብር በወደቀ ቁጥር የትንሿ ቆርቆሮ ዋጋ ይወጣል። ቆዳው በመጀመሪያ ለላም ተይዞ ነበር፤ አሁን ለዶላር ተያዘ።

*ምጣድ ላይ የቀረው ዘይት*

የሚገርመው በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌላ ቅባት ከቤት ጠፍቶ አለማወቁ ነው። የመንዝ እመቤት ምጣዷን የምታሟሸው በጎመን ዘር ነው። ጥቁሩን ምጣድ የሚያለሰልሰው፣ እንጀራው እንዳይዝ የሚያደርገው ከዘሩ የሚወጣው ዘይት ነው። ደጋው ተልባ ያበቅላል፤ ሌላው ዓለም ተልባን ለበፍታ ክር ሲያለማው ኢትዮጵያ የያዘችው ዘሩን ለመብላት ነው። ወረድ ሲል ኑግ አለ፤ መገኛው እዚሁ ኢትዮጵያ የሆነ፣ ብጫ አበባው በመስከረምና በጥቅምት መስኩን የሚያለብስ የዘይት ሰብል። በአጥር ጥግ የሚቆመው ጉሎም አለ። የጾም ገበታ ደግሞ በተልባ ፍትፍትና በሱፍ ፍትፍት የተሞላ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው የቀንዲል ጸሎት አድርሳ የምትቀባው የወይራ ዘይት ነው። የእጽዋት ቅባት በምጣዱ፣ በጾሙ፣ በጸሎቱ ውስጥ ነበረ። ቆዳ ላይ ግን ዙፋኑ የቅቤ ሆኖ ኖረ።

ይህ የሆነው በስንፍና አይደለም፤ ምክንያት ነበረው። ዘርን ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በውሃ አፍልቶ ዘይቱን ከላይ መግፈፍ ብዙ ማገዶና ጉልበት ይበላል፤ የሚገኘው ደግሞ ትንሽ ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ይደርቃል፣ ይጣበቃል፤ አውሮፓውያን ለቀለም የተጠቀሙበት በዚህ ጠባዩ ነው። የኑግ ዘይትም ሲቆይ ይሻግታል። ቅቤ በመንዝ ብርድ ረግቶ ይቆያል፤ እጅ ላይ ሲያርፍ ይቀልጣል። ረግቶ ተቀምጦ በሰውነት ሙቀት መቅለጥ የጥሩ ቅባት ዋና ጠባይ ነው፤ ይህን ጠባይ የያዘ ተክል ደግሞ ደጋው ላይ አይበቅልም።

አገሪቱ ውስጥ ግን ይበቅላል። ከሴኔጋል ተነሥቶ አፍሪካን የሚያቋርጠው የሺያ ዛፍ ቀበቶ በምሥራቅ በኩል ከሚያልቅባቸው ቦታዎች አንዱ የጋምቤላ ቆላ ነው። ከሺያ ፍሬ የሚወጣው ረጊ ቅባት ዛሬ በዓለም ላይ "ሺያ ቅቤ" እየተባለ ለደረቅ ቆዳ ይሸጣል። ታሪኩ አዲስ አይደለም፤ ኢብን ባጡታ እ.ኤ.አ. በ1352 ወደ ማሊ ሲጓዝ ሰዎች ከአንድ ፍሬ ዘይት አውጥተው ለምግብ፣ ለመብራትና ለገላ ቅባት ሲጠቀሙበት አይቶ ጽፏል፤ አጥኚዎች ያ ፍሬ ሺያ ነው ይላሉ። በጋምቤላ፣ በደቡብ ሱዳንና በዩጋንዳ የሚገኘው ዓይነት ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ለስላሳ ነው። ይህ ዛፍ ለፍሬ እስኪደርስ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ የተቆረጠ ዛፍ ማለት የአንድ ትውልድ ቅባት ማለት ነው። በመንዝ የላም ቅቤ ሲነግሥ፣ በጋምቤላ የዛፍ ቅቤ ነበረ። በአንድ አገር ውስጥ ሁለቱ ቅቤዎች ሳይተዋወቁ ኖሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሺያ ቅቤ የሚፈልግ ሰው ከምዕራብ አፍሪካ የመጣውን ይገዛል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

*ቅባት ቅንጦት ነው?*

"ሰው የሚበላው ሳይኖረው ስለሚቀባው ማውራት ምን ይሉታል?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከሕክምና ታሪክ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1929 ጆርጅ በርና ሚልድረድ በር የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ስብ ፈጽሞ በሌለው ምግብ ያሳደጓቸው አይጦች ቆዳቸው ሲላጥና ሲቀረፍ አዩ። ቀጥለውም የጎደለው ሊኖሌይክ የሚባል የስብ ዓይነት መሆኑን ለዩ። ቆዳ ውሃ እንዳያፈስ የሚያደርገውን ግድግዳ ለመሥራት ይህ ስብ ያስፈልገዋል። የኑግ ዘይት ከግማሽ በላዩ ይኸው ሊኖሌይክ ነው፤ የሱፍና የሱፍ አበባ ዘይትም በእሱ የታወቁ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ወደ ሕፃናት አልጋ ደረሰ። በባንግላዴሽ ዳካ ሆስፒታል ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቆዳቸው በሱፍ አበባ ዘይት እንዲቀባ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ውጤት በሆስፒታል የሚይዛቸው ከባድ ኢንፌክሽን ካልተቀቡት ጋር ሲነጻጸር በ41 በመቶ መቀነሱን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ያለ ጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው አንሶ ለተወለዱ ሕፃናት የገላ ዘይት ሊታሰብበት እንደሚችል ገልጿል። የመንዝ አያት ሕፃኑን ታጥቦ ሲወጣ ማሸቷ ከንቱ አልነበረም ማለት ነው።

ለአዋቂውም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚኖሩ ሰዎችን የሚያጠቃው የእግር ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ አለ። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ለዓመታት አጥንቶታል። በሽታው የሚነሣው በቅባት እጦት አይደለም፤ መከላከያው ጫማ ነው። የታመመን እግር ለመንከባከብ ግን ቅባት የሕክምናው ክፍል ነው። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግር ማጠብን፣ የቆዳ እንክብካቤን፣ ፋሻን፣ እንቅስቃሴንና ጫማን ያጣመረ ሕክምና ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለውን ድንገተኛ የእግር ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። በደቡብ ኢትዮጵያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ጥቂት ግሊሰሪን ሲጨመር የእግር ቆዳ ይበልጥ እንደሚያገግምና የሚያስፈልገው ውሃ ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር እንደሚወርድ አሳየ። ውሃ ከሩቅ በጀርባ ለሚቀዳበት አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው። ግሊሰሪን ደግሞ በየሱቁ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው፣ ከዘይትና ከስብ ሳሙና ሲሠራ ተረፍ ሆኖ የሚወጣው ያው የታወቀው ነገር ነው።

ጥንቃቄውም አብሮ መነገር አለበት። በአዲስ የተወለደ ሕፃን እትብት ላይ ቅቤ መቀባትና ቅቤ ማላስ ጎጂ ልማድ ነው፤ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። በክፍት ቁስል ላይም ቅቤ አይደረግም። "ተፈጥሯዊ ነው" የሚል ስም ሁሉን ዘይት አንድ አያደርገውም፤ የሰናፍጭ ዘይት በአይጥ ቆዳ ላይ ሲሞከር የቆዳውን ግድግዳ ማገገም አዘግይቷል፤ ጎመን ዘር የሰናፍጭ ዘመድ ስለሆነ ምጣድ ላይ ቢቆይ ይሻላል። የጉሎ ፍሬም መርዝ አለው፤ በወጉ የተጣራ ዘይቱ እንጂ ጥሬ ፍሬው ለማንም አይሰጥም።

*ዘሩ ይወጣል፣ ቅባቱ ይገባል*

ኢትዮጵያ ሰሊጥና ኑግ ወደ ውጭ ትልካለች፤ የፓልም ዘይት በጀሪካን ታስገባለች። በ2013 ዓ.ም. ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ተደጋግሞ የሚሰማው ግን የጥሬ ዕቃ እጥረት ነው። ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ድስት ዘይት ነው። የቆዳ ቅባት፣ ሳሙናና ግሊሰሪን የዚሁ ዘይት ልጆች መሆናቸው አይነሣም። ከውጭ በሚመጣው ቫዝሊን፣ ሎሽንና ሺያ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ግን የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ቅቤን ከአናት አውርዱ የሚል አይደለም። ያለው ለበዓል ይቀባ፤ ወጉ ያምራል። ጥያቄው ላም ስለሌላት ሴት ነው። በመርሐ ቤቴ ወይም በግሼ የምትኖር፣ ላም የሌላት፣ ቫዝሊን ለመግዛት የምታመነታ እናት ልጇን የምትቀባው ነገር በአካባቢዋ ገበያ በርካሽ ማግኘት ትችላለች ወይ? ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ተአምር አይደለም። በወረዳ ከተማ የምትቆም ትንሽ የዘይት መጭመቂያ፣ በንጽሕና የተጣራና ቶሎ ጥቅም ላይ የሚውል የኑግ ወይም የሱፍ አበባ ዘይት፣ በሳሙና ሥራ ላይ ግሊሰሪኑን የማይጥል ሙያ፣ በጋምቤላ የሺያ ዛፍ ለከሰል እንዳይቆረጥ የሚጠብቅ ሕግና ለፍሬው የሚከፍል ገበያ፣ የቱ የት እንደሚቀባና የት እንደማይቀባ ቤት ለቤት የምታስረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። አብዛኛው ሙያ አገር ውስጥ አለ። የጎደለው እነዚህን በአንድ ጉዳይ ስር የሚያይ ዓይን ነው።

መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል የፈጀው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። የደጋው ሰው ቆዳውን የሚጠብቅበት ቅባት በአንድ ምንጭ ላይ በተንጠለጠለ ቁጥር ምንጩ ሲነጥፍ የሚደርቀው መጀመሪያ የድሀው ቆዳ ነው። በሽታ ላሟን ወሰደ፤ ጥበት ግጦሹን ወሰደ፤ ገበያ ቅቤውን ወሰደ፤ ምንዛሪ ቫዝሊኑን አስወደደ። ኑጉ ግን ዘንድሮም አብቧል።